ፈረስ ያወፈረው እርሳስ

ኦሉም ፎቶ አንሺ ነበር ብሎ ማለፍ ሰውየውን ማሳነስ ነው። ፎቶ ማንሳት ማንም ያነሳል፤ ቁልፍ መጫን ነው። የኦሉም ሙያ የሚጀምረው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነበር።

ጋምቤላ ገበያ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችው። ግማሿ ሰማያዊ መጋረጃና አንድ ወንበር፣ ግማሿ በጥቁር ብርድ ልብስ የተጋረደ ጨለማ ክፍል። እዚያ ፊልሙን ያጥባል፤ ሲደርቅ ኔጌቲቩን የመስኮቱ ብርሃን ላይ አስደግፎ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ይነካካዋል። ኔጌቲቭ ላይ እርሳስ ያረፈበት ቦታ ፎቶው ላይ ይነጣል፤ ጥላ የነበረው ይጠፋል። የጎደጎደ ጉንጭ ይሞላል፤ የተሸበሸበ አንገት ይለሰልሳል፤ ወባ ሲጫወትበት የከረመ መምህር ከጫጉላ የተመለሰ ይመስላል። ሰው ራሱን ለማየት ፎቶ ቤት አይሄድም፤ ራሱንማ ቤቱ ሲያየው ይውላል። ኦሉም ይህ ከገባው ቆይቷል።

ሙያውን ያስተማረው ከመሃል አገር የመጣ አንድ ደገኛ ነበር፤ አገሩን ሳያውቅ እርሳስ የሚያነሳ ሰው። አንድ ጊዜ አንድ የኑዌር ጎልማሳ ለመታወቂያ ተነስቶ ሄደ። ግንባሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰመሩት የወንድነት ጠባሳዎች ለደገኛው መጨማደድ መሰሉትና ግማሽ ቀን ደክሞ ሁሉንም ደለዛቸው። ሰውየው ፎቶውን ሲቀበል ግራና ቀኝ እያዞረ አየና ይህ ልጅ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። አንተ ነህ፣ አሳምሬህ ነው ሲባል ፎቶውን መለሰና ደጃፉ ላይ ጦሩን ተደግፎ ቆመ። ግንባሩ እስኪመለስለት ድረስ ሊቆም ነው። ደገኛው በኋላ በር ወጥቶ ያገኘው መኪና ላይ ተሳፈረ፤ ካሜራው ለኦሉም ቀረ። ኦሉም ከዚያ የተማረው የሰው ወግ ያረፈበትን ፊት እንዳይነካ ነው። ረሃብን፣ በሽታንና ድካምን ደለዝክብኝ ብሎ ግን ማንም በጦር መጥቶበት አያውቅም።

ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ገባ። ጋምቤላ ክልል አሥራ ሁለት ተብላ ባንዲራና ማኅተም የተቀበለችበት፣ በየግቢው አዲስ ታፔላ የሚሰቀልበት ጊዜ ነው። ታፔላው ከወንበሩ ይቀድማል፤ ወንበሩ ከሥራው ይቀድማል፤ ሥራው ገና መንገድ ላይ ነው፤ ጎሬ ላይ ጭቃ ይዞት ይሆናል። ከታፔላዎቹ አንዱ የእንግዳና የጉብኝት ማስፋፊያ ይል ነበር። ከስሩ አቶ ከፈለ ተቀመጠ።

አቶ ከፈለ ከማዕከል የተላከ ባለሙያ ነው። በደርግ ጊዜ የምርት ዘመቻ ፖስተር ያሠራ ነበር፤ ማሽላውን ከገበሬው ራስ በላይ እያስረዘመ። ዘመኑ ሲገለበጥ ከፖስተሩ ላይ ቀዩን ኮከብ አወረደና ማሽላውን እንደረዘመ ይዞ መጣ። «ጓድ» የሚለው ቃል ከአፉ ገና አልለቀቀም። ጓድ ብሎ ይጀምርና ጉሮሮውን ጠርጎ አቶ ይላል፤ እንደ አዲስ ጫማ የሚቆረቁር አቶ። ሰፊው ሕዝብ የሚለውም አብሮት ወርዷል። ሰፊው ሕዝብ ግን በእሱ ንግግር ውስጥ ካልሆነ የትም ሰፍቶ አይታይም ነበር።

ከፈለ ያመጣው ሐሳብ ፈረስ ነበር። ባሮ ዳር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የተዘጋ የመንግሥት እርሻ ካምፕ አለ። ቤቶቹ ይጠገኑና የእንግዳ ማረፊያ ይሆናሉ፤ ከደጋ ፈረስ ይወርዳል፤ ፈረንጅ እየመጣ ረግረጉንና ወንዙን በፈረስ ጀርባ ይጎበኛል። ይህን በአንድ የውጭ መጽሔት ላይ አይቶታል። ፎቶው ላይ ፈረስ፣ ጋላቢ፣ ከበስተኋላ ተራራ። እዚያ አገር ገንዲ ይኑር አይኑር መጽሔቱ አልጻፈም። ገንዲ ከቆላ ዝንብ የሚመጣ በሽታ ነው፤ በሬን ያመነምናል፣ ፈረስን ይጨርሳል። ጋምቤላ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢሮው ግን አንድ አግኝቶ ቀጥሮታል።

ለኦሉም የቀረበለት ሥራ ፈረሶቹን፣ ጋላቢዎቹንና መልክዓ ምድሩን አንስቶ ለቢሮው ማስረከብ ነው። ፎቶዎቹ አዲስ አበባ ሄደው በትልቁ ይታተማሉ፤ ከስራቸው «ፎቶ፦ ኦሉም» ተብሎ ይጻፋል። ከፈለ ይህን የመጨረሻውን ያለው እንደ ዋዛ ነው፤ ኦሉምን የያዘው ግን እሱ ነው። ከተማውን ሙሉ አንስቷል። ሙሽራ፣ ሬሳ፣ ተመራቂ፣ ካድሬ አንስቷል። አንዱም ፎቶ ላይ ስሙ የለም። ሰው ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ «ይህ እኔ ነኝ» ይላል እንጂ «ይህ ኦሉም ነው» የሚል የለም። ስለዚህ እሺ አለ፤ ከፈለን «አንተ» እያለ። አማርኛን የተማረው ከገበያ ስለሆነ አንቱታ አይሆንለትም፤ ከፈለም በተጠራ ቁጥር ይጎመዝዘዋል።

ፈረሶቹ የካቲት ላይ ከጎሬ ወረዱ። ፊልሙ ከአዲስ አበባ የደረሰው ሰኔ ላይ ነው። በመካከሉ ዝናቡ ጀመረ፤ ሣሩ ከሰው ቁመት አለፈ፤ ዝንቡ ወጣ።

ፈረሶቹን የተረከበው ሷሊህ ይባላል። የወሎ ሰው ነው፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ተጭነው ወደዚህ ከወረዱት ሰፋሪዎች አንዱ። በፈቃዳቸው ነው የሄዱት ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ፤ ሬዲዮኑ አብሯቸው አልተጫነም። መንግሥት ሲለወጥ ከጎረቤቶቹ ግማሹ ወደ ላይ አገር ሸሸ፣ ግማሹ እዚሁ ተቀበረ፤ እሱና ሚስቱ እሙዬ ቀሩ። ወሎ ሳለ ፈረስ ስላረባ ካምፑ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥተው ጠባቂ አደረጉት። ፈረሶቹን በመልካቸው ጠራቸው፤ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ቦራ፣ ቡላ። ሚያዝያ ላይ ከፈለ ዘንድ ሄዶ የገንዲ መርፌ እንዲመጣለት ለመነ። በዕቅዱ ላይ የፈረስ በሽታ አልተያዘም ተባለ። ግንቦት ላይ እንግዲያው ወደ ጎሬ ልመልሳቸው፣ ደጋ ከገቡ ይተርፋሉ አለ። ከፈለ ሳቀበት። ሰፋሪ ዓይኑ ዳገት ዳገቱን ነው፤ ፈረስ ጎትቶ ሊጠፋ ነው ብሎ ለቢሮው ሰው ሁሉ አወራ።

ኦሉም ሰኔ ላይ ወደ ካምፑ የሄደው ሌሎቹ ከመምጣታቸው በፊት በማለዳ ነበር፤ መልክዓ ምድሩን ሊያነሳ። ባሮ ጭጋግ ለብሶ ነበር። በምሥራቅ በኩል፣ ከሣሩ በላይ፣ የደጋው ግድግዳ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። አራቱም ፈረሶች አጥሩን ተጠግተው፣ ፊታቸውን ወደዚያ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። ካሜራው ባለ ሁለት ዓይን ነው፤ ከላይ አጎንብሰው ነው የሚያዩበት። ኦሉም ሲያጎነብስ መስተዋቱ ላይ መጀመሪያ የታየው የጎድን አጥንት ነበር። ጅራታቸው ዝንቡን ማባረር ትቷል።

ሷሊህ ከኋላው መጥቶ ቆመ። «ኦሉም፣ አንተ የአገሩ ልጅ ነህ። ምን እንደያዛቸው እኔ አልነግርህም።»

«ገንዲ ነው» አለ ኦሉም።

«እንግዲያስ እንዳሉ አንሳቸው። እኔ ስናገር ሰፋሪ ተናገረ ነው የሚሉት። ያንተ ፎቶ ግን ቢሮ ይገባል። አጥንታቸውን ካዩ ያወጧቸዋል፤ ሌላ መንገድ የለኝም።»

እሙዬ ለቡላ በመዳፏ ውሃ እያጠጣች ነበር፤ ከገንዳ መጠጣት ትቷል፤ ከእሷ እጅ ካልሆነ አይጠጣም። ቀና ሳትል ባሏን ሰውየውን አታስጨንቀው አለችው፤ ሥራው ማሳመር ነው፣ ቆዳ ፋቂን ቆዳውን ከነጠጉሩ ተወው ይባላል እንዴ ብላ ሳቀች። ሷሊህ አልሳቀም። ኦሉም እንዳሉ አነሳቸዋለሁ ብሎ ቃል ሰጠ። ሲሰጥም ከልቡ ነበር፤ ይህ ሊመዘገብለት ይገባል፤ ሌላ የሚመዘገብለት ብዙም የለምና።

ረፈድ ሲል ከፈለ በላንድሮቨር መጣ፤ ጋላቢዎቹን ጭኖ። የቢሮው ታይፒስት ጥቁር መነጽር አድርጋ ቱሪስት ሆናለች። ሾፌሩ የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ ሌላ ቱሪስት ሆኗል። ከፈለ ራሱ የፕላስቲክ ቦቲ ተጫምቶ ቡላ ላይ ወጣ፤ በጨርቅ የተሸፈነው የጀርባው ቁስል ላይ። ፈረሶቹ ለካሜራው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ዳገቱ ማየታቸውን አልተዉም፤ በልጓም ተጎትተው ዞሩ። ከፈለ ሶምሶማ ይሂዱ አለ። ሷሊህ አይችሉም አለ። ከፈለ ይሂዱ አለ። ጥቂት ሄዱ፤ ዳማ ከነሾፌሩ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሾፌሩ ባርኔጣውን ከጭቃው አንስቶ ይህ ፈረስ ይጸልያል እንዴ አለ፤ ቱሪስቶቹ ሁሉ ሳቁ። ኦሉም እያጎነበሰ ያነሳ ነበር። ሲያዩት የሚሰግድ ይመስላል፤ ከፈለም ይህ አቋሙ ከአንተታው ይልቅ ደስ ይለው ነበር።

ፎቶዎቹን አጠባቸው፤ አተማቸውም። እንዳሉ። እርጥቡን ወረቀት ክር ላይ ሰቅሎ ሳለ ከፈለ ገባ፤ አንድ በአንድ አየ።

«ይህ ምንድን ነው? የድርቅ ዜና ነው እንዴ የሠራህልኝ?»

ኦሉም የሚመልሰውን ከካምፑ ጀምሮ ሲያዘጋጅ ነበር። ገንዲ ነው፤ ከዚህ ካልወጡ ያልቃሉ፤ ይህን ካላመንክ ራስህ ሄደህ እይ። አማርኛው ሳይቀር ተስተካክሎ ተቀምጧል። ከፈለ ግን ፎቶዎቹን ከክሩ ላይ እየነቀለ፣ ይህማ ለኅትመት አይሆንም፣ ከመቱ ከተማ ሌላ ባለሙያ ማስመጣት ሊኖርብኝ ነው አለ። ኦሉም ስሙ ከክሩ ላይ ሲነቀል ታየው።

«ይስተካከላል» አለ።

«ምኑ?»

«ጥላው። ጥላ ነው፤ ይነሳል።»

የጎድን አጥንትን ጥላ ብሎ መጥራት ቀላል አይምሰላችሁ። ለዚህ ፖለቲከኞች ስብሰባ ይቀመጣሉ፤ አጣሪ ያቋቁማሉ፤ መግለጫ ያወጣሉ። ኦሉም ብቻውን፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

ከዚያ መስኮቱ ስር ተቀምጦ ሠራ። በእርሳሱ ጫፍ የዳማን ጎን ሞላ፤ የጉራቻን ዳሌ አከበደ፤ የቦራን አንገት አወፈረ። ቡላን ያስቀረው ለመጨረሻ ነው፤ ከላዩ ከፈለ ስላለ እሱንም አብሮ ትንሽ አሳመረው። የሷሊህ ገብስ በወራት ያልሠራውን እርሳሱ በሰዓታት ሠራው። ሥራው ቆንጆ ነበር፤ ክፋቱም ይኸው ነው። እንዳሉ የታተሙትን ለሷሊህ አደርስለታለሁ ብሎ ራሱን አጽናንቶ ነበር፤ ከፈለ ግን ቢሮ ይቀመጡ ብሎ ጠቅልሎ ይዟቸው ሄዷል። ተመልሰው አልታዩም። የተሞሉት ፎቶዎች አዲስ አበባ ሄደው እንደ በር ሰፍተው መጡና ቢሮው መግቢያ ላይ ተሰቀሉ። ኦሉም በዚያ በኩል ሥራ ባይኖረውም በዚያ በኩል ማለፍ አበዛ። ስሙ ከስር፣ ጥግ ላይ፣ ተጽፏል።

ዳማ ሰኔ ሳያልቅ ሞተ። ከዚያ ጉራቻ። ከዚያ ቦራ። ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ የእንግዶች ቡድን በአውሮፕላን መጥቶ፣ ፎቶዎቹን ቢሮ መግቢያ ላይ አድንቆ፣ ካምፑ ሲደርስ አንድ የሚንቀጠቀጥ ፈረስና የገለባ ባርኔጣ አገኘ። ከፈለ መልስ ያስፈልገው ነበር። መሳቢያውን ከፍቶ የድሮውን ቃል አወጣ፤ አሻጥር። የፈረሶቹን ገብስ ጠባቂው በልቶታል፤ ልማቱን ሊያደናቅፍ በረሃብ ፈጅቷቸዋል። ማስረጃ? ማስረጃውማ በር ላይ ተሰቅሏል። ሷሊህን ወስደው አሰሩት።

እሙዬ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ መጥታ ቆመች። ግቢ ብትባል አልገባችም።

«አያ ኦሉም፣ ፎቶህን አየሁት» አለች። «ፈረሶቹ ያምራሉ። ሷሊህን የያዙት በሱ ነው። ሰኔ ላይ እንዲህ የወፈረ ፈረስ ሐምሌ ላይ በምን ሞተ ብለው ጠየቁት። እሱ ምን ይበል? ያንን ፎቶ እያሳዩት እኮ ነው የጠየቁት።»

ኦሉም ሊያስረዳት ሞከረ። እርሳሱን፣ ስሙን፣ ከመቱ ሊመጣ የነበረውን ሌላ ባለሙያ። እሷ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ይህን ለኔ ሳይሆን ለነሱ ንገር አለችውና ሄደች።

ሄዶ ነገራቸው፤ ይህም ሊመዘገብለት ይገባል። ነገሩን የያዘው አጣሪ ኮሚቴ ነበር፤ ሰብሳቢው ያክ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር የጨረሱ አዛውንት። ኦሉም ኔጌቲቮቹን ይዞ ቀረበና የእርሳሱን ምልክት በብርሃን አሳያቸው። ኔጌቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው። ከኮሚቴው አንዱ የከፈለን ጥቁር ጥርስ አይቶ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ምንም አይታይም ተባለ። ኦሉም ፎቶ ቤቱ ሮጦ እርሳሱን ከኔጌቲቩ ላይ በጥጥና በአልኮል ጠረገ፤ አዲስ ፎቶ አትሞ እርጥቡን ይዞ ተመለሰ። አሁን የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ከፈለ ፎቶውን በሁለት ጣቱ ይዞ አየው። ድምፁን አላነሳም። «ትናንት አጥንት የደለዘ እጅ ዛሬ አጥንት መሳል ያቅተዋል? ሰውየው ውሸታም ነኝ እያለ ነው የሚመሰክረው። የትኛውን ውሸቱን እንመን?»

የዚህን መልስ እስከ ዛሬም ማንም አላገኘም።

ያክ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩአቸው። ከዚያ ገፏቸው። «እኔ ወረቀት አላውቅም፤ ከብት አውቃለሁ» አሉ። «አንድ ፈረስ ቀርቷል። ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ዘበኛ ይጠብቀው፤ ገብሱ ከቢሮ ይሂድ። ገንዲ ከሆነ ጠግቦም ይሞታል፤ ያን ጊዜ ሷሊህ ይለቀቅ። ከዳነ ረሃብ ነበር፤ ሷሊህ ይፈረድበት።»

ፍርዱ ለሁሉም ትክክል መሰለው። ለኦሉምም። ያክ ለስብሰባ ወንዙን ቁልቁል በጀልባ ወደ ማታር ከተማ ወረዱ፤ ባሮ ሞልቶ ነበር።

እሙዬ ከካምፑ አላስወጧትም፤ ለዘበኛው የምታበስል፣ ውሃ የምትቀዳ ሌላ ሰው የለማ። ቡላን ከደጋ ከወረደ ጀምሮ የተንከባከበችው እሷ ናት። አሁን ጠዋት ጠዋት ወጥታ ቆሞ ስታገኘው ገንዳው ውስጥ የተረፈውን ገብስ ትለካለች። የአንዱ መቆም የሌላው መውደቅ ነው። ኦሉም ሲመጣ ስለ ፈረሱ ትነግረዋለች፤ ዛሬ አልበላም፣ ዛሬ ተንገዳገደ። የምትነግረው እንደ ደስታ ዜና ነበር፤ ነግራው ስትጨርስ ግን አትቀመጥም፤ ወደ ማደሪያው ትሄድና ግንባሩን ታሻዋለች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከፈለ ኦሉምን አስጠራው። ቡላን አንስቶ ለኮሚቴው እንዲያቀርብ ነበር። ፈረሱ ማገገሙን ያክ ሲመለሱ በፎቶ ይዩ አለ፤ ቅር ሳይለው፣ ባለፈው ውሸታም ብሎ ያባረረውን ሰው እያዘዘ። ካምፑ ሲደርሱ ማደሪያው ውስጥ ከላይ አገር የመጣ አንድ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበረ፤ መርፌ በእጁ፣ ብልቃጥ በኪሱ። ኦሉም ካሜራው ላይ ሲያጎነብስ ከፈለ ትከሻውን ያዘው።

«ይህን አታንሳ።»

«የገንዲ መርፌ ነው?» አለ ኦሉም።

«ቫይታሚን ነው» አለ ከፈለ። ሠራተኛው መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ሷሊህ ሚያዝያ ላይ የለመነው መርፌ ይኸው መጣ። ፈረስ ለማዳን አልነበረም የመጣው፤ ሰው ለማስፈረድ ነው፤ ለዚህ ሲሆን በጀቱም ተገኘ፣ መኪናውም ተገኘ፣ መንገዱም ደረቀ። ቡላ ጆሮውን አቁሞ ቆሟል። ዝንብ ሲያርፍበት ጅራቱ ይመታል። ገብስ ያኝካል። ከፈለ ፈገግ ብሎ አሁን እርሳስ አያስፈልግህም አለው።

ኦሉም ወደ ከተማ ተመልሶ ያክን ፈለገ፤ ማታር ናቸው። ከኮሚቴው አባላት አንዱን አገኘና መርፌውን አየሁ አለው። አባሉ ያየኸውን ነው የምትነግረኝ ወይስ የሳልከውን ብሎ ሳቀ፤ ቀልዱ ጥሩ ስለነበር አጠገቡ ላለው ሰውም ደገመለት።

እሙዬን ወንዙ ዳር ጀሪካን ስትሞላ አገኛት።

«ቡላ ሊድን ነው» አላት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። ጀሪካኑን ለቀቀችውና ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ውሃው ጀሪካኑን ይዞት ትንሽ ሄደ፤ ኦሉም ገብቶ አመጣላት።

ስለ መርፌው ነገራት። ያክ መቼ ይመለሳሉ ብላ ጠየቀች፤ ወንዙ ሲፈቅድላቸው አላት። ያኔ ፈረሱ ቆሞ፣ ወፍሮ ይጠብቃቸዋል። ጀሪካኑን ተቀብላ ደግማ ሞላችው።

«ጨለማ ክፍልህ ውስጥ የምታስቀምጠው ውሃ» አለች በመጨረሻ፤ «ልጆችህ እንዳይደርሱበት ቆጥ ላይ ነው የምትሰቅለው አሉ።»

«አዎ።»

«ከመጥፎው ሁሉ መጥፎው የቱ ነው?»

ኦሉም ጀሪካኑን ተሸክሞ እስከ ካምፑ አደረሰላት። በማግስቱ ከኬሚካሎቹ መጥፎውን በትንሽ ጠርሙስ ይዞላት መጣ። ይህን ለእሷ ብቻዋን መተው አልፈለገም፤ ቡላን አንገቱን አቅፎ እይዛለሁ አለ። አይሆንም አለችው። ሌላ ሰው ከያዘው ይደነግጣል። በጨውና በገብስ ውሃ ለውሳ በመዳፏ አቀረበችለት። ዘበኛው ቢሰጠው አይቀምሰውም ነበር፤ ከእሷ እጅ ስለመጣ ጠጣ። ጨዉንም ከጣቶቿ መካከል ላሰ። ኦሉም አጥሩ ጋ ቆሞ ያየ ነበር። ካሜራ አልያዘም።

ቡላ እንደቆመ አላነጋም። ዘበኛው ሲያመለክት ገብሱ በልኩ እንደተሰጠ፣ ሰው እንዳልነካበት፣ ሌሊቱን ሙሉ እሱ እንዳልተኛ ማለ። መተኛቱን ላለማመን ሲል ሷሊህን ነጻ አወጣው። ያክ ከማታር ሲመለሱ ፈረሱ ተቀብሯል። የዘበኛውን ቃል ሰሙና በቃ ገንዲ ነው፣ ሰውየውን ልቀቁት አሉ። ከፈለ ቫይታሚኑን አንስቶ ሊከራከር አይችልም። ይልቅ ፕሮጀክቱ የታለመለትን ግብ መትቶ ተጠናቀቀ የሚል ሪፖርት ጽፎ ወደ ሌላ ክልል ተዛወረ፤ ዓሣ ሊያስፋፋ ነው ይባላል። ዓሦቹን አምላክ ይጠብቃቸው። ፎቶዎቹ ቢሮው መግቢያ ላይ ቀሩ።

ሷሊህ የተፈታው መስከረም ሲጠባ ነበር። እስር ቤት ውስጥ ወባ ጥሎት፣ ሸሚዙ ከላዩ ላይ እንጨት ላይ እንደተሰጣ ልብስ ይወዛወዛል። ጋምቤላ አንድ ቀን አላድርም አለ። ወደ ጎሬ ቡና ሊጭን ባዶውን የሚወጣ መኪና ተገኘ። ኦሉም ሊሸኛቸው መጣ፤ ምን እንደሚል ሳያውቅ። ሷሊህ አቅፎ ሳመው። ኮሚቴው ፊት የመሰከረውን በእስር ቤት ሰምቶ ኖሯል፤ አላህ ይስጥህ አለው፤ የአገሬው ሰው ሆነህ ለሰፋሪ ተናገርክ። ኦሉም ቆሞ ምርቃቱን ተቀበለ። መቀበል ግዴታ ነበር።

ከዚያ ሷሊህ ዕቃውን መኪናው ላይ እያቀበለ፣ ወደ ሚስቱ ሳይዞር፣ ቡላ እንዴት ነበር አወዳደቁ ብሎ ጠየቀ። ቀስ እያለ ነው የሄደው? እንደ ዳማ ተንበርክኮ? መብላት የተወው መቼ ነበር?

እሙዬ የቀረውን ጥቅል አንስታ አቀፈች። ያልተጠየቀው ዘበኛ፣ ለስንብት መጥቶ ነበርና፣ መለሰለት። ኧረ ደህና ውሎ ነው፤ ገብሱንም በልቶ ነበር፣ ማታ አረፋ ደፈቀና ጠዋት ሞቶ ተገኘ አለ።

ሷሊህ እጁ ላይ የነበረውን ጥቅል እንደያዘ ቆመ።

«ገንዲ አይቸኩልም» አለ።

ሚስቱን አየ። ከእሷ ወደ ኦሉም ዞረ፤ ፊቱን አላየም፤ ጣቶቹን ነበር ያየው፤ ኬሚካል ጥፍራቸውን ቡናማ ያደረጋቸውን ጣቶች። መኪናው ላይ ወጣ። እሙዬ ከስር እጇን ዘረጋችለት፤ ጎንበስ ብሎ በእቅፏ የነበረውን ጥቅል ተቀበላትና ወደ ጥግ ሄዶ ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ ተቀመጠ። እሷ ጎማውን ረግጣ በራሷ ወጣች።

መኪናው ሲነሳ ዘበኛው እጁን አውለበለበ። ኦሉም የራሱን እጆች ኪሱ ውስጥ ከቷቸው ነበር፤ አላወጣቸውም።